ከመጋረጃው ጀርባ ያደርኩበት ሁዳዴ

ልጄ ፅጌረዳ አራተኛዋን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ልናጣት ነው ብለን ስንቀመጥ ስንነሳ ዋልን። ተርፋ ስንወጣ ሐኪሙ እኔንና ባሏን ሙሉሰውን ኮሪደር ላይ አቆመና፣ «ይህች ሴት ሦስት ዓመት ሳታርፍ ብትደግም አላድናትም» አለን። እንዲህ ነው ያለው። «ምናልባት» የሚል ቃል እንኳ አልጨመረበትም። ሙሉሰው አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ ልጄ ወደ ደጅ ሮጥ ባለች ቁጥር አስመለሳት ይሆን ብዬ ተከትዬ የምወጣ ሴት ሆኜ ቀረሁ።

እንግዲህ ማረፍ ማለት ኪኒን ማለት ነበር። ስለ ኪኒኑ መጀመሪያ የሰማነው በቀበሌው አዳራሽ፣ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነው። ያን ጊዜ አሥረኛው የአብዮት በዓል ደረሰ ተብሎ ነፋስ ስልክ ሁሉ አጥር ሲቀባ፣ እኛም በሳምንት በሳምንት እንሰበሰብ ነበር። ችግሩ፣ ስለ ኪኒኑ ያስተማረችን ሴት ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እግዚአብሔር የለም ብላ ያስተማረችን ራሷ መሆኗ ነው። መድረኩም ያው፣ ድምፅ ማጉያውም ያው። ስለዚህ ብዙዎቹ ጎረቤቶቼ ሁለቱን ትምህርት አንድ አድርገው ሰምተው፣ አማትበው ወጡ። እኔ የፊደል ዘር የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ዳዊት ሳልጨርስ ዳሩኝ እንጂ ነገርን ከነገር መለየት አላጣም። አንደኛውን እዚያው ጥዬ ሌላውን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

የጤና ጣቢያችን ነርስ ገዲሴ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት፤ ቀልደኛ ናት፣ ግን ሥራዋ ላይ ቀልድ የላትም። ባል ሳይመጣ አልሰጥም አለች፤ ሙሉሰው መጣ። ሳሙና ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ እሁድ ቅዳሴ የማያስታጉል፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። ያን ደም በዓይኑ ስላየ «እሺ» አለ። ገዲሴም ለፅጌረዳ እሽጉን ሰጥታ፣ «በየጠዋቱ አንድ፣ ከቁርስ ጋር» ብላ አሰናበተቻት። እኔም እግዚአብሔርን አመስግኜ ትንሽ ትንፋሽ አገኘሁ።

ያን ትንፋሽ ብዙም አልቆየሁበትም። ጥር ወጥቶ የካቲት ሲገባ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ላሰጣ ስገለብጥ እሽጉን ከትራስ ሥር አገኘሁት። ፍሬዎቹ በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ረድፉን ሳየው እዚህ ተዘሏል፣ እዚያ ተዘሏል።

«ፅጌ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ይኼ ያልተዋጠው።»

ሕፃኗን እያጠበች ነበር፤ ዞር ብላ አየችና፣ «እሱማ ረቡዕ ነው» አለች። «ያኛው ደግሞ ዓርብ።»

«ረቡዕ ምን ሆነ?»

«ጾም ነዋ እማዬ! ጠዋት ውሰጂው ብላኝ የለም? እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው።»

ለካ ያን ጊዜ ደሟ ሲፈስ ለእመቤታችን ተስላ ኖሯል። ካተረፍሽኝ ረቡዕንና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፌ አይዞርም ብላለች። የምታጠባ ሴት ነሽ፣ ማንም አያስገድድሽም ብላት፣ «ማንም አላስገደደኝም፤ እኔ ነኝ የተናገርኩት» አለችኝ።

«ታዲያ ማታ አትውጪውም ነበር?»

«ጠዋት ነው የተባልኩት። መድኃኒት ያለ ሰዓቱ ሲዋጥ ይመርዛል ብዬ ፈራሁ።» ሕፃኗን በፎጣ ጠቀለለችና ሌላም ጨመረችልኝ። «ደግሞ ሁዳዴ ሊገባ ነው። ሁዳዴን በሙሉ ልተወው ነው ያሰብኩት። በጾም እሱ አይነካኝ፣ ኪኒኑ ምን ይሠራልኛል?»

ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገ ከነገ ወዲያ አላልኩም፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ልጄን ከነሕፃኗ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ገዲሴ እሽጉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየችው።

«እማማ ተሾመች» አለችኝ፤ «አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን በሩን ክፍት ትቶ እየተኛ፣ ሌባ አይገባብኝም ይላል?»

«የኔ እናት፣ እኔን ምን ትቆጪኛለሽ? እሷን ተቆጪያት።»

«እሷንማ እንዴት ልቆጣት? የጾመች ናት።» ወደ ፅጌረዳ ዞረች። «ለምን ነገሩን አልነገርሽኝም? ማታ ዋጪው እልሽ ነበር። ማታም ያው መድኃኒት ነው፣ ሰዓቱን አለመለወጥ ብቻ ነው። የወር አበባሽ መቼ መጣ?»

ፅጌረዳ ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ ታቀፈች።

«ዘግይቷል?»

«ዘግይቷል።»

የገዲሴ ፊት ቀልዱን ተወ። ለመመርመር ገና ነው አለች፤ የተዘለለውም ኪኒን ራሱ ደሙን ሊያዛባው ይችላል አለች። «ከመጣ አዲስ እሽግ ትጀምሪያለሽ፣ ማታ ማታ። ካልመጣ…» ብላ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ብልቃጥ ከቦታው አንስታ እዚያው ቦታ ላይ መለሰችው። እኔም ካልመጣ በኋላ ምን እንዳለ አልጠየቅኋትም፤ ሐኪሙ ነግሮኛል።

ማታ ለሙሉሰው ነገርነው። ከሥራ ገብቶ እጁን እየታጠበ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «እኔ መጀመሪያም ልቤ አልወደደውም» አለ። «ሐኪሙ ሲያስፈራራኝ ነው እሺ ያልኩት። ቅበላ ስለሆነ መምሬ አስረስ ጠበል ሊረጩልን ይመጣሉ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ እሳቸው ያሉትን እናደርጋለን።»

«እሳቸው አምጠው ያውቃሉ?» አልኩት።

«እማማ!»

«አላወቁም ማለቴ ነው።»

መምሬ አስረስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፅጌረዳ በተኛችበት ሰሞን ዳዊት ሲደግሙላት ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ ነው። ቅዳሜ ዕለት መጡ፤ ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ ልጆቹን ረጩ። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ውኃው ሲነካቸው እየሳቁ ተሸሸጉ። ትልቁን ልጅ ማሞን ከበርጩማው አስነስቼ እሳቸውን አስቀመጥኳቸው። ሙሉሰው ነገሩን አንድ በአንድ ተናገረ።

«ይህ ኪኒን ከየት መጣ?» አሉ መምሬ።

«ከጤና ጣቢያ» አልኩ።

«ለጤና ጣቢያውስ ማን ሰጠው? ያ እግዚአብሔር የለም የሚለው አይደለም?»

«አባቴ፣ ስኳሩንስ የሚያድለን ማነው? የቀበሌው ሱቅ አይደለም? ይኸው በሻይ እየጠጣነው ሃይማኖታችን አልተነካም።»

ፈገግታ መጣባቸው፤ ቶሎ መለሱት። «ብዙ ተባዙ፣ ምድርንም ሙሏት ነው የሚለው፣ ተሾመች።»

«ሞልታ የለም እንዴ? በአንድ ክፍል ሰባት ነን። እርስዎን ለማስቀመጥ እንኳ ሰው አስነስተናል።»

«ተይ እንጂ! ነገሩን ቀልድ አታድርጊው።» ወደ ፅጌረዳ ዞሩ። «ልጄ፣ አሁን የሚያምሽ ነገር አለ?»

«የለም አባቴ። ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያው ያልታመመ ሰው የሚውጠው መድኃኒት አይባልም። ብትታመሚማ መድኃኒትሽን ልውሰድ ብትይኝ በጾምም አልከለክልሽም።»

«ስትታመምማ የምትውጥበት ጉሮሮ አይኖራትም» አልኩ። ሴቶቹ ልጆች መሳቃቸውን አቆሙ።

መምሬ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ስሚኝ፤ ቤተ ክርስቲያን እኮ መንገድ አላጣችም። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ። ሁዳዴ፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት አለ። የበዓላቱን ቀን ጨምሪበት። ይህን የጠበቀ ባልና ሚስት ልጅ በላይ በላዩ አይወልድም።»

«ማሞ መቼ ተወለደ?» አልኳቸው።

«እኔው ነኝ ያጠመቅኩት። የተወለደው የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ነው።»

«እስቲ ወደ ኋላ ይቁጠሩት።»

በአውራ ጣታቸው የጣታቸውን አንጓ እየነኩ ቆጠሩ። ከንፈራቸው ኅዳር፣ ጥቅምት ሲል ይታየኛል። መጋቢት ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ። ሙሉሰው ጎንበስ ብሎ የታሰረውን የጫማውን ክር እንደገና ማሰር ጀመረ። ፅጌረዳ ሕፃኗን አንጠልጥላ ወጣች።

«እማማ፣ መጋቢት ምን አለ?» አለ ማሞ።

«ሂድ፣ ውጣና ተጫወት!» አልነው ሦስታችንም በአንድ አፍ።

መምሬ ጣታቸውን ሰብስበው፣ «ያኔ ልጆች ነበሩ» አሉ። «አሁን ግን አዋቂ ናቸው። ሙሉሰው፣ ሴትየዋ እስክትጠና ድረስ ታቀብ። ኪኒኑን ተዉት፤ እኔ አልባርከውም።»

«እስክትጠና ነው ያሉት፣ አባቴ?»

«እስክትጠና።»

«ሐኪሙ ሦስት ዓመት ብሏል።»

«እንግዲያው ሦስት ዓመት» አሉ። ሲናገሩት ግን ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ሙሉሰው መስቀል ተሳለመና ሸኛቸው።

የኛ ቤት አንድ ክፍል ነው። ባልና ሚስት የሚተኙበት አልጋ በመጋረጃ ተከልሏል፤ እኔ ከሴቶቹ ልጆች ጋር መደቡ ላይ፣ ማሞ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ እናድራለን። ሁዳዴ በገባ ዕለት እራት ተበልቶ ሲያበቃ ብርድ ልብሴንና ትራሴን ይዤ ወደ መጋረጃው ውስጥ ገባሁና ከልጄ ጎን ጋደም አልኩ።

ሙሉሰው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ቆመ። «እማማ፣ ምነው? አመመዎት?»

«አላመመኝም። መምሬ ታቀብ ብለውሃል፤ ለብቻህ እንዳይከብድህ ላግዝህ ነው።»

«ጾም እኮ ነው። በጾም እኔ…»

«በጾምማ ማሞን አየነው።»

ፅጌረዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በነጠላዋ ሥር ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅኩም። ሙሉሰው መጋረጃውን መለሰና ማሞ አጠገብ ሄዶ ተኛ። ለአማት መልስ መስጠት አልለመደም፤ በዚህ ጨዋነቱ ተጠቅሜበታለሁ፣ አልዋሽም።

የልጆች ነገር፣ ወሬው በማግሥቱ ሰፈር ደረሰ። ጎረቤታችን ጫልቱ ከቧንቧው ወረፋ ላይ ሆና፣ «ተሾመች! አልጋ ለወጥሽ አሉ፤ ሙሽራ ሆነሻል መሰለኝ!» ብላ ጮኸችብኝ።

«ሚዜ ነኝ!» አልኳት። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አይስቅም።

ምክንያቱም ደሙ አልመጣም ነበር። ባሏን ማራቅ ለወደፊቱ ነው፤ ያለፈው ረቡዕና ዓርብ ያመጣው ነገር ካለ ግን እኔ በመሐል ብተኛም ምን አደርጋለሁ? ሽንኩርት ሲቁላላ ፊቷን አያለሁ። ምራቋን ስትተፋ እቆጥራለሁ። ጋደም ስትል «ደከመሽ?» እላለሁ። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብሽ፣ እስቲ ልተንፍስ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ በኋላ ሳልናገር አያለሁ።

ሦስተኛው እሁድ፣ የምኵራብ ዕለት፣ አብረን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እኔ ሕፃኗን አዝያለሁ፤ ሙሉሰው ማሞንና ሴቶቹን ይዞ ቀድሞ ገባ። የአጥሩ በር ላይ ስንደርስ ፅጌረዳ ቆመች። እጇን ከኔ እጅ አላቀቀችና ከውጭ ካለው ዛፍ ሥር ከቆሙት ሴቶች ጋር ተሰለፈች።

«ምነው? ግቢ እንጂ።»

«አንቺ ግቢ። እኔ ዛሬ ከዚሁ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። በኛ ዘንድ በደሟ ላይ ያለች ሴት ከአጥር አታልፍም። የቅጥሩን ድንጋይ ተሳለምኩ፤ ተመልሼ ልጄን ጉንጯን ሳምኳት፤ እንደገና ድንጋዩን ተሳለምኩ። አጠገቧ የቆመችው ሴት፣ «እናቴ፣ ምን ተገኘ?» አለችኝ።

«ምሕረት» አልኳት።

ያን ዕለት ቅዳሴው ምን እንዳለ አላስታውስም።

በማግሥቱ ገዲሴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። «በሉ አዲሱን እሽግ ትጀምር» አለች። ሙሉሰው ግን መምሬ ካሉት ፍንክች አልል አለ። «ከለከሉ፣ አበቃ» አለ። ደግነቱ ከልጄ ጎን ለመንቀሳቀስ እኔም ፈቃደኛ አልነበርኩም። እንዲህ ሆነን ሁዳዴን ጨረስን።

ፋሲካ ዕለት ዶሮው ተበላ፣ ልጆቹ ጠግበው ተኙ። ሙሉሰው ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ መጋረጃው አጠገብ መጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ፋሲካ ነው እኮ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«እንኳን አብሮ… እሱማ። ማለቴ፣ ጾሙ ተፈታ።»

«ተፈታ፣ ተመስገን። መምሬ ግን ጾሙ እስኪፈታ አላሉም። እስክትጠና ነው ያሉት።»

«ሦስት ዓመት እዚህ ሊተኙ ነው?»

«ዕድሜ ከሰጠኝ።»

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው፤ አገሩ ሁሉ ቅቤውን ይበላል። ለሙሉሰው ግን አልተፈታም። ማሞ ሲተኛ የሚራገጥ ልጅ ነው፤ አባቱ ወገቡን ይዞ ሥራ ይሄዳል። ሳህን ሲያስቀምጥ ድምፁ ይሰማ ጀመር። ለኔ አሁንም «እማማ፣ ውኃ ላቅርብልዎት?» ይላል፤ ግን ሲጠይቀኝ አያየኝም። ፅጌረዳ በሁለታችን መካከል ትመላለሳለች፤ ምን እንደምታስብ ጠይቄያት አላውቅም። ማን ያተርፋታል ብዬ ስጨነቅ፣ ማን ይጠይቃታል የሚለው አልመጣልኝም።

አንድ እሁድ ሙሉሰው ከቅዳሴ በኋላ ቀረ። ዘግይቶ ሲገባ ፊቱ የተፈታ ነበር። ቆሞ ተናገረ።

«መምሬ አስረስ ዘንድ ነበርኩ። አማቴ በመካከላችን ተኝታለች ብዬ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«መጀመሪያ ሳቁ። ሳቃቸው አልቆም አለ። ከዚያ፣ ‹ታቀብ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እሷን በምን አፌ ውጪ እላታለሁ?› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ትሞታለች ካለ ታማለች ማለት ነው። የታመመ መድኃኒቱን ይወስዳል። ልባርከው ግን አትጠይቀኝ፤ ይህንንም ነገር ሁለተኛ አታምጣብኝ› አሉኝ። ሃምሳው ቀን ሲያልፍ የምሰግደው መቶ ስግደት ጨመሩብኝ።»

«ለኪኒኑ?»

ሙሉሰው አንገቱን ደፋ። «ለማሞ።»

በማግሥቱ የማታ ፈረቃ ስለነበረ ጠዋት ራሱ ፅጌረዳን ጤና ጣቢያ ወሰዳት። አዲሱን እሽግ ይዘው ሲመለሱ ገዲሴ ያለችውን መሬት መሬት እያየ ነገረኝ፤ የመጀመሪያው እሽግ ሳያልቅ ማመን የለባችሁም ብላለች። ስለዚህ እስኪያልቅ ድረስ ከቦታዬ አልተነሳሁም። በየምሽቱ ከእራት በኋላ ውኃውን የሚያቀርብላት እሱ ነው፤ የማታ ፈረቃ ሲሆን እኔ። እሷ ትውጣለች፣ አፏን ከፍታ ታሳየናለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ።

እሽጉ ያለቀ ዕለት ምሽት ሙሉሰው ገላውን ታጥቦ ሸሚዝ ቀይሮ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ሬዲዮኑን ከፍቷል፣ አይሰማውም። እኔ መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ብርድ ልብሴን አጠፍኩ፣ ትራሴን በብብቴ ያዝኩ። ልነሳ ስል ፅጌረዳ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ወደ መደቤ ነዋ። አለቀ እኮ። ገዲሴ ያለችውን ጨርሰናል።»

«ተቀመጪ።»

«ምን ሆንሽ? አንድ ቀን ዘለልሽ እንዴ?»

«አልዘለልኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ባልሽ እሺ አለ፣ ገዲሴ እሺ አለች፣ መምሬም በልባቸው እሺ ብለዋል።»

«ሁላችሁም እሺ ብላችኋል፤ አውቃለሁ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። «እኔ ገና ነኝ። ሰውነቴ ገና ይፈራል፣ እማዬ። መፍራቴን ስጨርስ እኔው እነግራችኋለሁ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሬዲዮኑ ሲጠፋ ሰማሁ። ሙሉሰው ሰምቷታል፤ በአንድ ክፍል የማይሰማ ነገር የለም። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። የበርጩማው ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ጫማው ሲወልቅ፣ አንዱ፣ ሁለተኛው።

«ማሞ» አለ፤ «ጠጋ በል።»

እኔም ያጠፍኩትን ብርድ ልብስ ዘርግቼ ከልጄ ጎን ተመልሼ ጋደም አልኩ።